ሲነሳስ?

ለገና አምስት ቀን ሲቀረው ደብረ ብርሃን ገባሁ። ከሚኒባሱ ስወርድ ነፋሱ ጆሮዬን ይዞ ተቀበለኝ። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት የኖረ ሰው የደብረ ብርሃንን ብርድ ይረሳዋል። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከተማዋ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ነፋስ በማይከለክል ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። በዚህ ሰሞን ሌሊቱን ሣሩ ላይ ውርጭ ያድራል። በመንገዱ ጋቢ ያልደረበው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እቴቴ ማጀት ነበረች። ጾም ስለሆነ ለምሳ የሚሆነው ተልባ ተቆልቶ ተወቅጧል። ዓይኔን የያዘው ግን ሌላኛው ተልባ ነው። ለጨጓራዋ ብላ ሳትወቅጠው በሙቅ ውሃ የዘፈዘፈችው። ብርጭቆው ውስጥ ግማሹ ፍሬ አልሰመጠም፣ አልተንሳፈፈም፤ መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ቆሟል። ማንኪያውን ሳነሳ ውሃው አብሮ ተነሳ። እንደ ክር ቀጠነ፣ ተሳበ፣ ከዚያ ተበጥሶ ወደ ብርጭቆው ተመለሰ።

«እቴቴ፣ እኔ የምሠራው እኮ ይሄን ነው» አልኳት።

«ተልባ?»

«ተልባውን አይደለም። ዝልግልጉን።»

ብርጭቆውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ለዚህ ነው ስድስት ዓመት?»

ምን ይባላል! ለእሷ በነገርኳት መንገድ ለእናንተም ልንገራችሁ።

የምሠራበት ነገር ሃይድሮጄል ይባላል። በዓይን የማይታዩ፣ ውሃ የሚወዱ፣ በጣም ረጃጅም ክሮች አስቡ። ክሮቹ እዚህም እዚያም እርስ በርስ ተቋጥረዋል። ውሃ ሲያገኙ ሊሟሙ ይፈልጋሉ፤ ቋጠሮው አይለቃቸውም። ስለዚህ ያብጣሉ። ውሃውን በመሀላቸው ይዘው ይቀመጣሉ። ከክብደቱ 90 በመቶው ውሃ ሆኖ በጣት የሚያዝ፣ የሚታጠፍ፣ በምላጭ የሚቆረጥ ነገር ይወጣዋል።

ተልባ ክሩ አለው፤ የሚጎድለው ቋጠሮው ነው። ከማንኪያ ላይ የሚፈስሰው ለዚህ ነው። አብሽም እንደዚያው። እቴቴ የአብሽ ዱቄት ዘፍዝፋ ታሳድራለች። ጠዋት የመረረውን ውሃ ትደፋና በእጇ ትመታዋለች። ቢጫው ዱቄት ቀስ በቀስ ይነጣል፣ ይነፋል፣ ሳህኑን ሞልቶ ሊፈስስ ይደርሳል። ዱቄቱ ሁለት ማንኪያ ነበር። ሳህኑን የሞላው ውሃና አየር ነው።

ሃይድሮጄል ነክታችሁ ታውቃላችሁ። የሕፃን ዳይፐር ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት ከክብደቱ በመቶዎች እጥፍ ንጹሕ ውሃ ይጠጣል። ሽንት ግን ጨው ስላለው ያን ያህል አይጠጣም፤ ማስታወቂያ ላይ ሰማያዊ ውሃ የሚያፈስሱት ሰዎች ይህን አይነግሯችሁም። ለአልትራሳውንድ ሆድ ላይ የሚቀባው ቀዝቃዛ ነገርም የዚያው ዘመድ ነው። ልብ ሲመረመር ደረት ላይ የሚለጠፈው ክብ ነገር ሥሩ ላይ ያለው ማጣበቂያም እንዲሁ።

የዓይን ሌንስን ግን በአንድ መስመር አላልፈውም። ከዚህ ሙያ ታሪኮች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ኦቶ ቪክተርሌ የሚባል የቼክ ኬሚስት ከባልደረባው ድራሆስላቭ ሊም ጋር ሆኖ በ1960 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሰውነት የማይቆጣው፣ ውሃ የሚይዝ ፕላስቲክ ሠርተናል የሚል ነው። ከክብደቱ 38 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ከእሱ ለስላሳ የዓይን ሌንስ ሊያወጡ ፈለጉ፤ በቅርጽ ማውጫ ሲሠሩት ጠርዙ እየተቀደደ አስቸገረ። ከላይ ያሉት ሰዎችም በሥራው ተስፋ ቆረጡ። በ1961፣ በፈረንጆች ገና ዕለት፣ ቪክተርሌ ቤቱ ተቀምጦ ከልጆች የብረት መገጣጠሚያ መጫወቻ አንድ የሚሽከረከር ነገር ሠራ። የሚያሽከረክረው የልጁ ብስክሌት ዲናሞ ነው። ፈሳሹን በቅርጽ ማውጫ ውስጥ እያሽከረከረ አረጋው። በዚያ ቀን አራት ሌንሶች ወጡ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሰው ዓይኑ ውስጥ አስገብቶት የሚውለው ለስላሳ ሌንስ መጀመሪያው ይህ ነው።

ታሪኩን ለእቴቴ ስነግራት ስለ ሌንሱ ምንም አላለችም። «ልጁ ስለ ብስክሌቱ ምን አለ?» አለችኝ።

አሁን ወደ ክንዴ።

ቀኝ ክንዴ ላይ፣ ከክርኔ ዝቅ ብሎ፣ የመዳፍ ያህል ጠባሳ አለ። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። እቴቴ ለገንፎ ውሃ ጥዳለች። ድስቱ ከጉልቻው ተንሸራተተና የፈላው ውሃ ክንዴ ላይ ተገለበጠ። የሰፈር ሰው ደረሰ። አንዷ ሊጥ አምጡ አለች፣ ሌላዋ የጥርስ ሳሙና፣ ሦስተኛዋ ማር። አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ እላቸው የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ቧንቧ ክፈቱልኝ። በቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ሃያ ደቂቃ ማቆየት። ሊጥ የለ፣ ሳሙና የለ፣ ተልባም የለ። (ይህን ጽሑፍ አንብቦ ቃጠሎ ላይ ተልባ የሚያፈስስ ሰው እንዳይኖር አደራ።)

ቃጠሎው ራሱ ብዙም ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ፋሻው ነው። በየሁለት ቀኑ ለማስቀየር እንሄድ ነበር። ቁስሉ ፈሳሽ ያወጣል፤ ፈሳሹ ጎዙ ውስጥ ይገባና ይደርቃል። ከሥር የሚበቅለው አዲስ ቆዳ በጎዙ ቀዳዳዎች መሀል ሽቅብ ያድጋል። በሁለተኛው ቀን ጎዙና እኔ አንድ ነን። የሚቀይርልኝ ሰውዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ እሱ ደግሞ ብቻውን ነው። «ቶሎ ሲሆን አያምም» ይለኝና ይመነጭቀዋል። ድምፅ አለው። የሸማ ቅዳጅ ዓይነት ድምፅ። ነጩ ጎዝ ቡናማና ቀይ ሆኖ ይወጣል። ሁለት ቀን የበቀለው ቆዳ አብሮት ይሄዳል። እቴቴ ጭንቅላቴን ወደ ሆዷ አስጠግታ ይዛኛለች፤ ነጠላዋ ጭስ ጭስ ይሸታል። ከዚያ ሐምራዊው ጂቪ ይቀባልኛል፣ አዲስ ጎዝ ይደረግልኛል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ እንደገና።

አንድ ቀን ሰውዬው አልነበረም። በቦታው ዕድሜዋ የገፋ ነርስ አገኘን። ጎዙን ነካ አድርጋ አየችው። ጨው ያለበት ውሃ አፈሰሰችበትና እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። እቴቴ ምን እንደምትጠብቅ ጠየቀቻት። «እስክትፈቅድ» አለች። ጎዟን ነው። ስትፈቅድ ያለ ድምፅ ተነሳች።

እነዚያ ሁለት ሰዎች ክንዴ ላይ ያደረጉትን ልዩነት በሳይንስ ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጆርጅ ዊንተር የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1962 የአሳማ ቆዳ ላይ ትናንሽ ቁስሎች ሠራ። ግማሾቹን ለአየር ተዋቸው፤ ቅርፊት ያዙ። ግማሾቹን በስስ ፕላስቲክ ሸፍኖ እርጥብ አድርጎ አቆያቸው። እርጥቦቹ ላይ አዲሱ ቆዳ ሁለት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ሸፈነ። ቆዳ የሚሠሩት ሕዋሳት እየተሳቡ ነው የሚሄዱት፤ ደረቅ ቅርፊት ካለ ከሥሩ ቦታ መፈለግ አለባቸው፣ እርጥብ ከሆነ ፊት ለፊት ይሻገራሉ። «ቁስሉ ይናፈስ፣ ይድረቅ» ስንባል ነው ያደግነው። እኔም ለክንዴ ተብዬ ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ።

ሃይድሮጄል ከቁስል ጋር የተገናኘው እዚህ ላይ ነው። እርጥበት ይሰጣል፣ ያቀዘቅዛል፣ አዲሱ ቆዳ የሚገባበት የጨርቅ ቀዳዳ የለውም። ይህ ማለት ለሁሉም ቁስል ይሆናል ማለት አይደለም። ብዙ ፈሳሽ ለሚያወጣ ቁስል በውሃ የተሞላ ነገር መለጠፍ የረጠበን ጋቢ በረጠበ ጋቢ እንደማድረቅ ነው። ለእሱ ከባሕር አረም የሚሠራው አልጂኔት ይሻላል። ደረቅ ሆኖ ይገባል፤ ቁስሉ ውስጥ ያለው ሶዲየም የአልጂኔቱን ካልሲየም ይተካዋል፣ ያኔ ፈሳሹን እየጠጣ ራሱ ጄል ይሆናል።

ከቆዳ በታችም ሥራ አለው። ሕዋሳት እንደሚተኙበት ነገር ይለያያሉ። በ2006 የወጣ አንድ ጥናት ምን እንደሚሆኑ ገና ያልተወሰነላቸው ሕዋሳትን በተለያየ ጥንካሬ ጄል ላይ አስተኛቸው። እንደ አንጎል በለሰለሰው ላይ የተኙት ወደ ነርቭ አዘነበሉ፣ መካከለኛው ላይ የተኙት ወደ ጡንቻ፣ ጠንካራው ላይ ያሉት ወደ አጥንት። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ሌላ ጊዜ።

ጄል ለረጅም ዘመን አንድ ስድብ ነበረበት፤ ደካማ ነው። ጄላቲን በጣት ብትጫኑት ይፈርሳል። ስንጥቅ አንዴ ከገባ የሚያስቆመው የለም። መፍትሔውን የደብረ ብርሃን ጭቃ ቤት ያደገ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ጭቃ ብቻውን ግድግዳ ላይ ቢመረግ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ጭድ ሲገባበትና ተረግጦ ሲቦካ ጭቃው ቢሰነጠቅ እንኳ ጭዱ ይዞት ይቆያል። በጃፓን ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ጂያን ፒንግ ጎንግና ባልደረቦቿ በ2003 ያሳዩት ይህን የመሰለ ነገር ነው። ሁለት መረብ አንዱን በሌላው ውስጥ አሳደጉ። አንዱ ግትርና ተሰባሪ፣ ሌላው ልልና ተሳቢ። ጄሉ ሲጎተት ግትሩ በየቦታው በጥቂቱ እየተሰበረ ኃይሉን ይበላዋል፤ ልሉ ደግሞ እንዳይበታተን ይይዘዋል። በ2012 ሌላ ቡድን አልጂኔትን ፖሊአክሪላማይድ ከሚባል ሰው ሠራሽ ክር ጋር አደባለቀና ከርዝመቱ 20 እጥፍ በላይ የሚሳብ ጄል አወጣ። 90 በመቶው ውሃ ነው። እዚህ ላይ የጭቃው ምሳሌ ያበቃል። የተሰነጠቀ ምርጊት መልሶ አይገጥምም፤ የአልጂኔቱ ካልሲየም ግን ጊዜና ሙቀት ከሰጡት አብዛኛውን መልሶ ይቋጥረዋል።

የእኔ ሥራ ከዚህ ሁሉ አንዲት ጥግ ናት፤ ሴንሰር፣ ማለትም እንቅስቃሴን ወደ ቁጥር የሚቀይር ነገር። ጄሉ ውስጥ ጨው አለ። ጨው ካለ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ጄሉን በቀጭኑ ቆርጬ የጣቴ አንጓ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ጫፍና ጫፉን ከመለኪያው ጋር አገናኛለሁ። ጣቴን ሳጥፍ ጄሉ ይሳባል፣ ቁጥሩ ይወጣል። ስዘረጋ ይመለሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጄሉ እጥፍ ሲረዝም፣ በአግድም ቢቆረጥ የሚታየው ገጽ ስፋቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ውሃው የትም አልሄደምና። መንገዱ ሁለት ጊዜ ረዘመ፣ ሁለት ጊዜ ጠበበ። ስለዚህ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ መከልከሉ፣ አራት እጥፍ ይሆናል። የብረት ሽቦ እንዲህ ብትጎትቱት ይበጠሳል።

መጀመሪያ ላይ ያበላሸሁትን ልናዘዝ። በባትሪ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሰጠሁት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጫፉ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ወጡ፤ የመዳብ ሽቦዬ የነካው ጄል አረንጓዴ ሆነ። ቁጥሩ ያለ ምንም እንቅስቃሴ ሽቅብ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ግኝት መስሎኝ ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ። ጨው ውስጥ የሚሄዱት አዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች፣ ናቸው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከነዳችኋቸው ጫፍ ላይ ተከማችተው ኬሚስትሪ ይጀምራሉ። ወዲያ ወዲህ የሚል ኤሌክትሪክ ነው የሚያስፈልገው። ጽሑፎቹ ላይ ይህ ግማሽ መስመር ነው። እኔ ዘንድ ሦስት ሳምንት ነበር።

ሁለተኛው መከራዬ መድረቅ ነው። ማታ ጠረጴዛ ላይ የተውኩት ጄል ጠዋት ድርቆሽ ሆኖ ይጠብቀኛል። ጠርዙ ተጠቅልሎ፣ ሲነኩት የሚሰበር። ለዚህ ምን ተጨመረ መሰላችሁ? ግሊሰሪን። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ግሊሰሪንን ከፊደል በፊት ነው የሚያውቀው። ከንፈርና ተረከዝ ሲሰነጠቅ ከፋርማሲ የሚመጣው ያ ትንሽ ጠርሙስ! ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፣ ቶሎ እንዲበር አይፈቅድለትም፣ ቶሎ በረዶ እንዲሆንም አይተወውም። በእርግጥ በነፃ አይደለም። ግሊሰሪን ሲበዛ ጄሉ ውስጥ አዮኖቹ በማር ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ይሆናሉ፤ ኤሌክትሪኩ ይዳከማል። የክረምት ጫማ ነው፤ ለሩጫ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ለእቴቴ አወራሁላት። ምሳ ቀርቧል፣ ተልባው በእንጀራ ተፈትፍቷል፣ እኔ አላቆምኩም። ስለ ማጣበቂያዎቹም ነገርኳት። ሃርቫርድ ያሉ ሰዎች በ2017 ቅርፊት ከሌለው ቀንድ አውጣ ተምረው ማጣበቂያ እንደሠሩ። ያ ፍጥረት ሲፈራ የሚያወጣው ልጋግ እርጥብ ነገር ላይ ይጣበቃል። እነሱም ደም የነካው፣ በሚመታ የአሳማ ልብ ላይ አጣበቁት፤ ያዘ። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ደግሞ በ2019 እርጥብ ሥጋን በአምስት ሰከንድ የሚይዝ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር አወጡ። መጀመሪያ ሥጋው ላይ ያለውን ውሃ ይጠጣዋል፣ ከዚያ ይነክሳል።

እቴቴ ጉርሻውን እንደያዘች ቆየች።

«ሲነሳስ?» አለችኝ።

«ምን?»

«ይጣበቃል አልሽ። ይሳባል አልሽ። ሲነሳስ?»

መልስ አልነበረኝም ብል ውሸት ነው። መልስ አለ። የኤምአይቲዎቹ ቡድን በ2020 ተመልሶ መጣ፤ የሚፈታ ቋጠሮ ያለው ማጣበቂያ ይዞ። ቤኪንግ ሶዳ የምንለውና ግሉታታዮን የሚባል ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነገር ያለበት ውሃ ሲነካው ይለቃል። ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የተጠየቀው ምን ያህል ይይዛል የሚለው ነበር። እኔም ብሆን ስንት እጥፍ እንደሚሳብ ስለካ ስከርም ከጣቴ ላይ ሳነሳው ምን እንደሚሆን አንድ ቀን ደብተሬ ላይ ጽፌ አላውቅም። ጠባሳው ክንዴ ላይ ተቀምጦ!

ከምሳ በኋላ ሳስበው ሌላም ነገር መጣልኝ። ሴንሰሩና ፋሻው ለእኔ ሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ነበሩ። የክንዴ ፋሻ በየሁለት ቀኑ ለምን ተነሳ? ከሥሩ ያለው ስለማይታይ ነው። ይሙቅ፣ ይመግል፣ ይድን፣ የሚታወቀው ሲገለጥ ብቻ ነው። ጄሉ ሙቀቱን ወይም እርጥበቱን ከላይ ሆኖ ቢናገር ያ ሁሉ መነሳት ለምን ያስፈልጋል? እንዲህ ዓይነት ፋሻ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ጽሑፎቻቸውን አንብቤአለሁ። ያነበብኩት ግን እንደ ሴንሰር ሰው ነው፤ ቁጥሩን፣ ግራፉን። ቁጥሩ ለማን እንደሚጠቅም ያየሁት ያን ቀን ማጀት ውስጥ ነው።

ሻንጣዬ ውስጥ ፒቪኤ ከሚባል ፕላስቲክ የሠራኋቸው ጥቂት ጄሎች ነበሩኝ። የፖሊአክሪላማይዱን ሆን ብዬ አላመጣሁም፤ ሳይያያዝ የቀረ አክሪላማይድ ለነርቭ መርዝ ነው። ፒቪኤ የዋህ ነው። በሙቅ ውሃ ይሟሟል፣ ከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ በረዶ ይሆንና ይቀልጣል፣ እንደገና በረዶ ይሆንና ይቀልጣል። በረዶው ክሮቹን ገፍቶ ሲያጨናንቃቸው እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። ሌላ ኬሚካል አያስፈልግም። አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ ማቅለጡን ራሱ ይሠራልኛል፤ የምጠላው በማይሆን ሰዓት መጥፋቱን ነው።

እቴቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «ታዲያ ለዚህ ፍሪጅ ምን ያደርጋል? ደጅ አሳድሪው!»

አሳደርኩት። በአንዲት የጃም ጠርሙስ ያመጣሁትን ፈሳሽ ፒቪኤ ጓሮ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። ጠዋት ሣሩ ነጭ ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ ነው፤ ጄል የሚባል ነገር የለም። የደብረ ብርሃን ውርጭ ብዙ ነገር ይችላል፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ግን ሌላ ነገር ነው። እቴቴ አላመነችም። «ትንሽ ቀን ስላልሰጠሽው ነው» አለች።

በዚያው ሌሊት ሁለት የተሠሩ ጄሎች ክንዴ ላይ ለጥፌ ተኝቼ ነበር። አንዱ ግሊሰሪን ያለው፣ አንዱ የሌለው። ሁለቱንም ጠባሳው ላይ አደረግኳቸው። ያለ ግሊሰሪኑ በራሱ ወድቆ አንሶላው ላይ አገኘሁት። እንደ ምስማር ደርቋል። ሌላኛው እንደተለጠፈ አድሯል። ለስላሳ ነው፣ ከሥሩ ጠባሳው ይታያል።

በጥፍሬ ልላጠው ስል እቴቴ እጄን መታችኝ። «ተይ!»

ሌሊቱን ከራስጌዬ ካደረው ውሃ ጣቷን ነከረች። የጄሉን ጠርዝ ዙሪያውን አረጠበችው። ደግሞ ነከረች፣ ደግሞ አረጠበች። ከዚያ ክንዴን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዝም አለች።

«ምን እየጠበቅሽ ነው?» አልኳት።

«እስክትፈቅድ።»

ሲነሳ ሁለት ጸጉር ይዞ መጣ። ደብተሬን አምጥቼ ቀኑን ጻፍኩና ከሥሩ «2 ጸጉር» ብዬ መዘገብኩ።